ባሕር ዳር፦ ከሳይክል መስመሩ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ መንገድ የሚወራው ነገር ተቀይሯል። ድሮ የሚነሳው የተቦረቦረው አስፋልትና የባጃጅ ታሪፍ ነበር። ኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የሳይክል መስመር ይዞ ሲመጣ ግን ክርክሩም አብሮ መጣ። አንዱ መንገዱ ለመኪና ጠበበ ይላል። ሌላው ከተማዋ ገና አሁን አማረባት ይላል። ሌላው ደግሞ ባሕር ዳር ድሮም ያለ መስመር ሳይክል ስትነዳ ኖራለች፣ ታዲያ ለምን አስፈለገ ብሎ ይጠይቃል።

ሁሉም የሚያወሩት ስለ መስመሩ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሆነ? ምን ቀለም ተቀባ? የማንን ቦታ ወሰደ? በእግሩና በሳይክሉ የሚሄደውን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጠው ምን እንደሆነ ግን ብዙም አይነሳም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው። መስመሩ ያስፈልጋል። ነገር ግን የሰውን ሕይወት የሚወስኑት ዋናዎቹ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የመኪናው ፍጥነትና መንገድ የሚሻገሩበት ቦታ። ለእግረኛና ለሳይክል ነጂ የሚቆረቆሩ ነዋሪዎች ጥያቄያቸውን እነዚህ ላይ ቢያደርጉ የበለጠ ያተርፋሉ ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ ሳይክል የለመደችው በምን ምክንያት ነው?

መልሱ መሬቱ ላይ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም፣ የተቀመጠችው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ነው። እንደ ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት አያስቸግራትም። አየሩም ከክረምት ወራት በስተቀር ለፔዳል የሚመች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፕላኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች የተዘጋጀው ፕላን ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ሰጣት። ዛሬ መሐላቸው ዘንባባ የተተከለባቸው መንገዶች የዚያ ዘመን ውጤት ናቸው። በዚያው ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈቱ። ሠራተኛውም ተማሪውም፣ ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም በአጭር ርቀት ውስጥ ነበሩ። አምስት ኪሎ ሜትር በሳይክል፣ ዘና ተብሎ እንኳ ቢነዳ፣ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። በዚያ ላይ በሰዓት የሚያከራይ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ካላማዳሪያ የሚለጥፍ ጎሚስታም አይጠፋም። የሳይክል ባህል እንዲህ ባለ ነገር ነው የሚቆመው።

ድሮ ያለ መስመር እንነዳ ነበር የሚሉት ሰዎች ስለ ድሮው ልክ ናቸው። ያኔ መኪናው ጥቂት ነበር፤ ርቀቱም አጭር ነበር። አሁን ሁለቱም ተለውጠዋል። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ባሕር ዳር በዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር 220,000 ገደማ ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በአባይ ማዶ በኩል ወደ ዘንዘልማ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ሰባታሚት ተዘርግታለች። በእግር ይደረስበት የነበረ ሥራ ዛሬ ሳይክል ወይም ባጃጅ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚያልፈው የአገር አቋራጭ መንገድም ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ከባድ መኪናውና ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ በአንድ አስፋልት ይገናኛሉ።

ፍጥነት ምን ያደርጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎች፣ እንዲሁም ባለሁለትና ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል የሚስተካከለው የለም። ይህ የወጣቱ ዕድሜ ነው። ባሕር ዳርም የተማሪ ከተማ ናት።

እዚህ አገር አደጋ ሲደርስ ቶሎ የሚጠየቀው ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው ነው። "ዘሎ ገባበት" ይባላል። "ሹፌሩ አላየውም" ይባላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ልጅ ዘሎ ይገባል፤ ሹፌርም ይዘናጋል። ይህ ነገም የሚቀር አይደለም። የሚለየው ስህተቱ ሲፈጠር መኪናው በምን ፍጥነት ላይ ነበር የሚለው ነው።

ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር ትንሽ በላይ ይጓዛል። በ50 የሚሄደው ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ያልፋል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ፣ በ30 የሚነዳው መኪና በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን 13ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ፍሬን መያዝ እንኳ አልጀመረም። ሙሉ ለሙሉ ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ልጁ የገባው 13 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ አንደኛው መኪና ፊቱ ይቆማል። ሁለተኛው በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል። መንገዱ ያው ነው፤ ልጁም ስህተቱም ያው ነው።

ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲረጥብ ርቀቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃዎች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ያሳያሉ። ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ደግሞ በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ወደ 4.5 እጥፍ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተካሄደው የመንገድ ደህንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰፊ መንገድ እዚህ ላይ ሁለት መልክ አለው። ለሳይክል መስመር የሚሆን ቦታ ይሰጣል፤ ይህ የባሕር ዳር ዕድል ነው። በሌላ በኩል ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ሹፌሩን እንዲፈጥን ይጋብዘዋል። የፍጥነት ገደብ ምልክት ብቻውን ይህን ግብዣ አይመልሰውም። ስለዚህ መንገዱ ለመኪና ጠበበ የሚለው ቅሬታ ግማሹ የሥራው ዓላማ ነው ማለት ይቻላል። መስመር ሲጠብ ሹፌር ሳያስበው ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የሚጨምር አንድ ነገርም አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪናው ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። ለአየሩ መልካም ነው። ለእግረኛው ግን ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲነሳ ደግሞ ፈጥኖ የሚወነጨፍ መኪና ነው። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ መንገድ የሚሻገሩት በጆሯቸው ነውና።

አደጋው ያለው መሻገሪያው ላይ ነው

የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው፣ መኪና ካልወጣበት በስተቀር፣ ደህና ነው። አደጋ የሚያገኘው ሲሻገር ነው። ስለዚህ መሻገሪያውን ለብቻው መመልከት ይገባል።

20 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ እንውሰድ። ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል፤ ለመሻገር 17 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዝግታ የሚሄዱ እናት ወይም አባት፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር ብንል፣ 25 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በ25 ሰከንድ ውስጥ በ50 የሚነዳ መኪና 350 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እኒህ ሰው እግራቸውን ከማንሳታቸው በፊት 350 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን መኪና አይተው፣ ፍጥነቱን ገምተው፣ በሁለቱም አቅጣጫ አስልተው መወሰን አለባቸው ማለት ነው። ይህን ከማንም መጠበቅ አይቻልም።

መንገዱ መሐል ቆሞ መጠበቂያ ቦታ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚሻገሩት 10 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ የሚያዩትም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ይህ ቦታ አላት። ዘንባባዎቹ የቆሙበት የመንገድ አካፋይ ማለት ነው። ቢሆንም አካፋይ ሁሉ መጠበቂያ አይሆንም። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ በአበባ የተሞላ ወይም በብረት የታጠረ ከሆነ ሰው እዚያ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። ከዜብራው ትክክል ተከፍቶ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሲሆን ግን ዊልቼርም የሕፃን ጋሪም ያልፍበታል። ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹ ይህ ይመስለኛል። አዲስ መሬት አይፈልግም፤ የማንም ቤት አይፈርስበትም።

ለሳይክል ነጂም ችግሩ የሚገጥመው መስመሩ የሚያልቅበትና መንገድ የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ ነው። አዲሱን የአባይ ድልድይ እንይ። ግንቦት 2016 ዓ.ም ተመረቀ። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ ቦታ አለው። የድሮው ጠባብ ድልድይ ላይ ከከባድ መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄድ ለነበረ የአባይ ማዶ ነዋሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚህ በኋላ ከድልድዩ ሲወርድ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ ሆስፒታሉ ድልድዩ ላይ አይደሉም። ሰው ጉዞውን የሚመዝነው በጣም በሚያስፈራው ቦታ ነው። እናት ልጇን በሳይክል ትምህርት ቤት ለመላክ የምትወስነው ከሁሉ የከፋውን አደባባይ አስባ ነው።

አደባባይን ካነሳን፣ ባሕር ዳር አደባባይ የበዛባት ከተማ ናት። ባለ አንድ መስመር ትንሽ አደባባይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ጥሩ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ መስመር ያለው ሰፊ አደባባይ ግን ለሳይክል ነጂ አስቸጋሪ ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚዞረው መኪና ድንገት ወደ ቀኝ ሲወጣ ዳሩን ይዞ የሚዞረውን ሳይክል ይቆርጠዋል። እግረኛውም ዜብራው ላይ ሆኖ መኪናው ይውጣ ወይስ ይዙር ሊያውቅ አይችልም። መፍትሔው መውጫውን ማጥበብ፣ ዜብራውን ከአደባባዩ አንድ መኪና ያህል ወደ ኋላ መመለስና ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው።

ፖሊሲው ምን ይላል? መንገዱስ የማን ነው?

"ሞተር አልባ ትራንስፖርት" የሚለው ስያሜ የሚይዘው በእግር፣ በሳይክል፣ በዊልቼር፣ በጋሪና በመሳሰሉት የሚደረግን ጉዞ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ለአገሪቱ የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 "መንገድ ለሰው" የተባለው፣ ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ የሚከፍት እንቅስቃሴ ተጀምሯል። ስለዚህ እግረኛን ማስቀደም ከጥቂት አክቲቪስቶች የመጣ ሐሳብ አይደለም። በወረቀት ላይ የመንግሥት አቋም ነው። ጥያቄ የሚያቀርብ ነዋሪ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የሚጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፤ የተጻፈው እንዲፈጸም ነው።

ነገሩ ተግባር ላይ ሲደርስ የሚደነቃቀፍበት አንዱ ምክንያት የመንገዱ ባለቤትነት ነው። የአገር አቋራጭ መንገዶች በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ናቸው። የአባይ ድልድይም የዚሁ ተቋም ፕሮጀክት ነበር። የውስጥ መንገዶች የከተማ አስተዳደሩ ናቸው። የባጃጅ ስምሪት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ቁጥጥሩ የትራፊክ ፖሊስ ነው። የመብራት ምሰሶው፣ የውኃ መስመሩ፣ የቴሌው ጉድጓድ ደግሞ ሌላ ሌላ ባለቤት አላቸው። እዚህ ዜብራ ይቀባልን የሚል አንድ ማመልከቻ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል የሚከርመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ በሳምንቱ ሲቆፈር የምናየውም እንዲሁ።

ባጃጁ፣ ጉልቱና ባለ ሱቁ

የሚነሱትን ቅሬታዎች ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። እውነተኛ ጉዳት የሚያዩ ሰዎች አሉ።

ከባጃጅ ልጀምር። የሳይክል መስመር ላይ ባጃጅ ቆሞ ማየት የተለመደ ቅሬታ ነው። ብዙ የባጃጅ ሹፌሮች የሚሠሩት በሰው ንብረት ነው። ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለባቸው፤ ነዳጅም ከኪሳቸው ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ወጪያቸው ንሯል። ክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ካለበት የጸጥታ ሁኔታ ጋር ተያይዞ እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜም አለ። የሥራ ሰዓቱ ሲያጥር በቀረው ሰዓት መሯሯጥ ይመጣል። ሹፌሩ ተሳፋሪ ባየበት የሚቆመውና የሚፈጥነው ባሕርዩ ስለከፋ አይደለም። ገቢው የሚቆጠረው በምልልሱ ስለሆነ ነው። ቅጣት ብቻ ይህን ስሌት አይለውጠውም። ከሳይክል መስመሩ ወጣ ያለ፣ በአጭር ርቀት የሚገኝ፣ ምልክት ያለው መጫኛና ማራገፊያ ግን ይለውጠዋል። የባጃጅ ማኅበራቱ ቦታውን በመምረጥ ቢሳተፉ ደግሞ መልካም ነው። ተሳፋሪው የት እንደሚበዛ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ባጃጅ ሲወራ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የባጃጅ ተሳፋሪ ሁሉ ሲወርድ እግረኛ ነው። ሹፌሩም ማታ ባጃጁን አስገብቶ ቤቱ የሚሄደው በእግሩ ሊሆን ይችላል።

ጉልትና መደብ ላይ የሚሸጡት ሴቶች ጉዳይ የበለጠ ከባድ ነው። የእግረኛ መንገድን ነጻ ማድረግ ማለት ብዙ ጊዜ እነሱን ማንሳት ተደርጎ ይወሰዳል። እግረኛው ወደ አስፋልት የሚወርደው በእነሱ ምክንያት ነው የሚለው ክርክር በአንዳንድ ቦታ እውነትነት አለው። እነሱ ግን እዚያ የተቀመጡት እግረኛው ስለሚያልፍ ነው፤ ገበያቸው እሱ ነው። ወደ ጓሮ ቢወሰዱ ይከስራሉ፤ ቀስ በቀስም ይመለሳሉ። ማምሻውን መንገዱ ላይ ሰው እንዲኖር የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው፤ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ይህ ደህንነት ነው። ለመራመጃ የሚያስፈልገው ያልተደናቀፈ ስፋት ቢያንስ 2 ሜትር ነው። ከዚያ የሚተርፍ ቦታ ባለበት ጎዳና ለጉልት መስመር መስጠት ይቻላል። ሁለቱን አንዱ በሌላው ኪሳራ ማየት አያስፈልግም።

ባለ ሱቆች መኪና ማቆሚያ ሲያጡ ደንበኛ እንቀንሳለን ብለው ይሰጋሉ። ዕቃ ለሚያወርዱ ሰዎች ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ለዚያ የተወሰነ ሰዓት መፍቀድ ይቻላል። ለቀረው ግን አንድ ቁጥር ማስታወስ ይበጃል። በመንገድ ንድፍ መመሪያዎች ላይ በሰፊው የሚጠቀስ ግምት ነው። 3 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ መስመር በአውቶሞቢል በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው ስፋት ለሳይክል ሲሰጥ እስከ 7,500፣ ለእግረኛ ሲሰጥ ደግሞ እስከ 9,000 ሰው ያሳልፋል። ሱቅ የሚገባው ሰው ነው።

ኮሪደሩ ለታይታ ነው የሚለውን ትችት በሁለት ከፍዬ ነው የማየው። የሚሠራው ነገር ይጠቅማል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የተለየ የሳይክል መስመር፣ የሐይቁ ዳር ለሕዝብ መከፈቱ ለነዋሪው ትርፍ ነው። በየሆቴሉና በየተቋሙ አጥር ተከፋፍሎ የኖረ የሐይቅ ዳርቻ ለማንም ልጅ ክፍት ሲሆን መደሰት ይገባል። ለሥራው ሲባል ቤቱ ወይም ሱቁ የፈረሰበት ሰው ግን ትርፉን የሚያየው ከጉዳቱ ጋር ነው፤ ካሳውና ምትክ ቦታው በአግባቡ ካልተሰጠው ለእሱ የሳይክል መስመሩ ጠላቱ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር የሚደረግ ሽርሽርና ሰኞ ጠዋት ሥራ ለመድረስ የሚደረግ ጉዞ የተለያዩ ናቸው። ከቀበሌ 14 ወይም ከዘንዘልማ መንገድ የሚነሳ ሰው ዕለታዊ መንገዱ በሐይቁ ዳር አያልፍም። ቀጣዩ ገንዘብ ወደ እነዚያ ሰፈሮች መሄድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሳይክል ነጂውም ድርሻ አለው። ፋና ሳይኖረው ማታ የሚነዳ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ አለ። አሮጊት ያስደነግጣል። ይህ መታረም አለበት። ቢሆንም በተቃራኒ የሚነዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አካፋዩን ዞሮ ለመመለስ ሩቅ ስለሚሆንበት መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል።

እነማን ይጠይቁ? ምን ይጠይቁ?

"አድቮኬሲ" የሚባለው ለአንድ የጋራ ጉዳይ በተደራጀ መንገድ፣ በማስረጃ፣ ውሳኔ ሰጪዎችን መወትወት ነው። ከ2011 ዓ.ም በፊት በሕጉ ምክንያት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ ላይ መሥራት አይችሉም ነበር። የአካል ጉዳተኞችና የሕፃናት መብትም በዚሁ ውስጥ ይካተት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን አንስቷል። በሌላ በኩል አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ትልልቅ ስብሰባ መጥራት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሥራው በትንንሽ፣ ቀድሞ በነበሩ ስብስቦች ቢጀመር ይሻላል። የወላጅ ኮሚቴ አለ። ዕድር አለ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አሉ። የዩኒቨርሲቲው የምሕንድስናና የጤና ተማሪዎች አሉ።

ጉልበት የሚሰጣቸው ማስረጃ ነው። የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ አደጋው የት እንደደረሰ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የመንገድ አደጋ ሞት የሚለው በ30 ቀናት ውስጥ የሚከሰተውን ሁሉ ነው። ቦታው ላይ ተርፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያረፈ ሰው በፖሊስ መዝገብ ላይ ቆስሏል ተብሎ ሊቀር ይችላል። ሁለቱ መዛግብት፣ የሰዎቹ ስም ሳይወጣ፣ ቢገናኙ የከተማዋ እውነተኛ የአደጋ ካርታ ይታያል።

መዝገብ እስኪገኝ መቁጠር ይቻላል። አንድ ዜብራ ላይ በትምህርት መግቢያ ሰዓት ስንት ልጅ ተሻገረ? ስንት መኪና ቆመለት? ስንቱ ሳይቆም አለፈ? የመንገዱ ስፋት ስንት ሜትር ነው? ሜትርና ስልክ ያላቸው ጥቂት ተማሪዎች ይህን በአንድ ሳምንት ይጨርሳሉ። የመንገድ ደህንነት ይከበር የሚል ደብዳቤ ለመመለስ ቀላል ነው። ይህ ዜብራ 18 ሜትር ነው፣ በአንድ ሰዓት ይህን ያህል ልጅ ይሻገርበታል፣ አካፋዩ እዚህ ጋ ይከፈት የሚል ደብዳቤ ግን ወይ ይሁን ወይ አይሁን የሚል መልስ ይፈልጋል።

ሙከራም ጥሩ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ለገሀርና ሰባተኛ አካባቢ መጋጠሚያዎችን በቀለም፣ በአበባ ማስቀመጫና በቀላል ምሰሶ ብቻ እንደገና አቀናጅታ ሞክራለች። በዚህ ዓይነት ሙከራ ኮንክሪት ሳይፈስ መኪናው እንዴት እንደሚዞር፣ እግረኛው የት እንደሚቆም ይታያል። ካልሠራ ይነሳል። አዲስ ሐሳብን ለሚፈራ ባለሥልጣንም ይህ እሺ ለማለት ይቀላል።

የሳይክሉ ዋጋም መነሳት አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወዷል፤ ሳይክልና መለዋወጫውም ከዚያ አያመልጥም። መስመር ተሠርቶ የሚነዳው ሰው ከጠፋ ቦታው ተመልሶ የመኪና ማቆሚያ መሆኑ አይቀርም። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት በኩል በቁጠባ ወይም በብድር ሳይክል መግዣ መንገድ ማመቻቸት፣ የጥገና ሥራውንም ለወጣቶች ማሠልጠን ከመስመሩ ጋር አብሮ ሊሄድ ይገባል። ሳይክል በሰላም የሚታሰርበት ቦታም እንዲሁ። ገበያና ሆስፒታል በር ላይ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ከሌለ ሳይክል ያለውም ቤቱ ትቶት ይወጣል።

ጊዜውም ይታሰብ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚያልቀው ከዚያ በፊት ነው። ክረምቱ ደግሞ እዚህ ከባድ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚቀባ ቀለም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መሻገሪያ የሚፈልግ የወላጅ ኮሚቴ ቆጠራውን በበጋው ጨርሶ፣ ማመልከቻውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ አስገብቶ፣ ቀለሙን መስከረም ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ማስቀባት ይኖርበታል። አካፋዩን የመክፈቱ ሥራ ግን ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል፤ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ታይቶ የሚስተካከለው በመጀመሪያው ክረምት ነው።